የተጣበቀው ገጽ

ሦስተኛው ሳጥን ነው፤ ክዳኑን ሳነሳው አስነጠሰኝ፤
ሰማንያ ዓመት የተኛ አቧራ «ማነሽ አንቺ?» ብሎ ጠየቀኝ።
ቺዙሩ ነኝ፤ የዚህች የተራራ ከተማ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣
ደመወዜ ትንሽ፣ ወንበሬ አንካሳ፣ ማሽኔ ግን የማይተኛ።
ከመስታወቱ ስር ብርሃኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣
እንደ ሸማኔ መወርወሪያ፤
የሙታንን እጅ ጽሕፈት ክር በክር ያነሳል።

የዛሬው የሪኪማትሱ ደብተር ነው፤ ገበሬ፣ በኋላ ወታደር፣
ጠመንጃው ዝጎ የቀረ፤ ሥራው ፈረስ ማሳደር።
የድል ወሬ የለበትም።
«ገብስ አለቀ። ግራጫዋ አነከሰች።
ከሰኮናዋ ጠጠር አወጣሁ፤ ፊቴን ላሰች።
ዝናብ። ካልሲዬን ቀድጄ እግሯን አሰርኩ።
ዝናብ። ለእናቴ ጻፍኩ።
ዝናብ። ያልጻፍኩላትን አሰብኩ።»

ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ሳይተነፍስ ያነበንባል፣
ግን አንድ ፊደል ያምታታዋል፦
በእኛ አጻጻፍ «እናት» ራሷ ላይ አንዲት ጭረት ብትደፋ
«ሁሉ» ትሆናለች።
እናም «ሁሉ ታማለች» ይለኛል፣
«ሁሉን በሕልሜ አየኋት፣ ሽበቷ በዝቷል» ይለኛል።
እኔ አርማለሁ፦ እናት። እናት። እናት።
አንድ ጠዋት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኳት፤
የራሴን ከአዲስ ዓመት ወዲህ አልደወልኩላትም።

አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ጣቴ ቆመ።
ሁለት ቅጠል ተጣብቋል፤ እርጥበት አይደለም፣ የሩዝ ሙጫ ነው፣
ዳር እስከ ዳር፣ የቤት መስኮት እንደሚለጠፍ በጥንቃቄ።
«የማይከፈት» ብዬ ልመዘግብ ነበር። ስልክ አነሳሁ።

ልጁ ቶኩጂ በአውቶቡስ መጣ፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ጃንጥላውን ተመርኩዞ።
«ሙጫውን ያማሰልኩት እኔ ነኝ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።
«አባቴ ሲመለስ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
እናቴ ማታ አነበበችው፤ ጠዋት ሩዝ ጣደች።
እኛ የምንበላው አጥተን፣ ሩዙን ለወረቀት አበላች።
"አማስል" አለችኝ፤ አማሰልኩ።
ምን እንደምንዘጋ አልጠየቅኩም።
ዞር ስትል ጣቴን ላስኩ፤
በረሃብ ዓመት የላሱት አይረሳም።»

ልክፈተው? አልኩት።
መስኮቱን አየ። ሰዓቱን አየ።
«እሷም የለች፣ እሱም የለ፤
እኔም የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ አለብኝ።»

እርጥብ ስስ ወረቀት፣ የአጥንት ቢላ፣ ትንፋሽ መያዝ።
ቅጠሉ እንደ ቁስል ፋሻ ተላቀቀ፣
ጥቂት ጥቂት፣ ሥጋ እንዳይነካ እየፈራ።
ውስጡ ስድስት መስመር፦

«ጉድጓድ አገኘን። መንደሩ ስም ይኖረዋል፤ አልጠየቅንም።
ፈረሶቹን አጠጣ ተባልኩ።
አንዲት እናት ከጉድጓዱ አፍ አልነሳም አለች።
የአሥር አለቃው አነሳት።
ግራጫዋ ውኃውን አሸተተች፣ አልጠጣችም።
እኔ ጠጣሁ።»

ብርሃኑ ሄደ፣ ተመለሰ።
ማሽኑ እንደ ልማዱ አነበነበ፦
«አንዲት ሁሉ ከጉድጓዱ አፍ አልነሳም አለች።»

ቶኩጂ መነጽሩን አውልቆ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።
«ልክ ነው?»
አይደለም፤ አንድ ፊደል ተሳስቷል።
«የትኛው?»
በጣቴ አሳየሁት።
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች፤
እሱ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ፣
የሆነ ነገር የቀመሰ ይመስል።
«አርሚው» አለ።
አንዲት ጭረት አነሳሁ።

«አሁን ይህ ስንት ይመዝናል?»
ከአንድ የድመት ፎቶ ያንሳል አልኩት።
ሳቀ፤ ወይ ሳቅ መሰለኝ።
ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቀፈውና፣
ጃንጥላውን ረስቶ፣ ዝናብ ውስጥ ወጣ።

የሙጫውን ቅርፊት ከጠረጴዛው ጠራርጌ
በትንሽ ፖስታ አድርጌዋለሁ፤ ቀላል ነው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል።
በመዝገባችን የሩዝ ቁጥር የለንም።
መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከጃንጥላው ጋር።