የይለፍ ቃል

ሮተርዳም ወደብ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
መዝገቡን ስገልጠው ስም አስደነገጠኝ፤
ቴይመን ገባ ይላል፣ ቴይመን በር ከፈተ፤
በኅዳር ነው እኮ ሰውዬው የሞተ።

ጃንጥላ ይዤ ነው በዝናብ የሸኘሁት፣
የቢሮ ኩባያውን እኔው ነኝ ያጠብኩት፤
ለሚስቱ ለሃርምከ መለስን የመሳቢያ ቁልፍ፤
ማንም ልብ አላለም፣ ስሙ የሚከፍተው በር ግን እልፍ።

ፈቃዱን የሚሽር አንድም ሰው አልነበረ፣
ሁሉም «የእነሱ ሥራ ነው» እያለ ኖረ።
ሌባው መስኮት አልነካ፣ አጥር አልዘለለ፤
ሃያ ቶን መዳብ ጭኖ «ደኅና እደሩ» አለ።

ሰውዬው አልፏል፤ የይለፍ ቃሉ ግን አላለፈም።
ጣቴ «ሰርዝ» ላይ ቆሟል።
ውጭ ይዘንባል፤
ሁለተኛ ቀብሩ ነው፣ ጃንጥላ አልያዝኩም።