ውሃ ልክ

በረዶው ቀለጠ፤ ሚያዝያ ነው፣ ዊኒፔግ፤
ምድር ቤት ወረድኩኝ የሌሊቱን ጠብታ ምንጩን ልፈልግ።
ካልሲዬ ራሰ።

ዋሲል፣ አንተ ከሄድክ የመጀመሪያው ጸደይ፤
ቤትስ እንደ ሚስት ባል ሲሞት ያለቅሳል ወይ?
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን አላሳቀኝም፤
የድንች ጆንያዬን፣ የበረዶ ጫማህን፣ የልጆቹን ደብተር
ሲያርስ አንድ አላስቀረልኝም።

ሦስት ሰው ጠራሁ።

አንደኛው መጣልኝ፣ ግሬሰን ይባላል፤
ጫማው ጭቃ አያውቅም፣ ጥርሱ በረዶ ይመስላል።
ግድግዳውን ትቶ የእኔን ፊት አጠና
“እናቴ” እያለኝ በለሰለሰ ቃና።
በታብሌቱ መስኮት ቀይ ቀስት አስሮጠ፣
ቆሜ እያየሁት ቤቴን ከነጣራው በሥዕል አሰመጠ።
“ዛሬ ከፈረምሽ ሃያ ስምንት ሺህ፤ ነገ ሠላሳ አንድ” አለኝ፤
ውሃው እንኳ በጠብታ ይመጣል፤
እሱ አንድ ሌሊት ነፈገኝ።

ሁለተኛው ዴል ነው፤ ገና ከደጅ አፉ ቢራ ቢራ ይላል፤
“ሰባት መቶ፣ በእጅ! ቅዳሜን አይዘልም፣ ያልቃል።”
ደረሰኝ ስጠይቀው በሳቅ ፈረሰ፤
ዋጋውን ሲጋራ ፓኮ ላይ ጽፎ ሰጠኝ፤
ፓኮው እጄ ላይ ራሰ።

ሃሊያ ከካልጋሪ ደወለች፤ “ሽጪው” አለች ልጅህ።
“ማን ይገዛል?” አልኳት፤ ስልኩን ዘጋሁት። ታውቀኛለህ።

ሦስተኛዋ ሴት ናት፤
ማሪቪክ ማግባኑዋ፣ ከኢሎኢሎ የመጣች፣
አጠር ያለች፣ ጉልበቷ ላይ ጨርቅ ያሰረች።
መጀመሪያ አልገባችም፤
ቤቱን በውጭ ዞረች፣ ሁለት ጊዜ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።
አሸንዳውን አንጋጣ አየች፣ አፈሩን በተረከዟ ወጋች፣
ከዚያ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ
በካልሲ ውሃው ውስጥ ገባች።
ውሃ ልኳን ወለሉ ላይ ስታኖር አረፋዋ ወደ ምሥራቅ ሸሸች።
“ይሄ ጣውላ” አለች፣
“ሌላው ሁሉ ምስማር ነው፣ የዚህ ግን ብሎን፤
አናቱም አልቋል። ማን ነው እንዲህ ደጋግሞ የፈታው፣ ለምን?”

እኔ ምን አውቃለሁ? ባገባን በአሥር ዓመት አንተ የመታኸው፣
ቀለሙን እኔ የመረጥኩት፣ እንግዳ ሁሉ ያደነቀው።
“ፍቺው” አልኩ።

እዚያ፣ ከስንጥቁ ጎን፣ በእርሳስ፣ በአንተ ጠማማ ቁጥር፣
ከወለሉ ጀምሮ መስመር በላይ መስመር፦
ሰባ ዘጠኝ፣ ሁለት ጣት።
ዘጠና ስድስት፣ አራት።
ዘጠና ሰባት፣ ስንዝር፤ ልጆቹን ይዤ እህቴ ዘንድ ሳለሁ፤
ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣
አምና፣ እጅህ ሲንቀጠቀጥ፣ ቁጥሩን እንጃ፣ አላነበብኩትም፣ ዓይኔን ዞር አደረግሁ።

“ማሞቂያውን ልየው” እያልክ ሌሊት የምትወርደው!
እኔ ደግሞ ጠርሙስ ደብቋል ብዬ
ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስቆጥር የማድረው!
ለካ ባልዲ ነው።
አርባ ጸደይ ሙሉ፣ ደረጃ በደረጃ፣ እግርህን አለስልሰህ፣
የቤቱን ገመና ከእኔ ሸሽገህ።

ደስ አላለኝም፣ እውነቱን ልንገርህ። ተናደድኩ።
ሁለት እጅ ነበረኝ። ባልዲም ነበረን፣ ሁለት።

ማሪቪክ ዝም አለች። መስመሮቹን በጣቷ አልነካችም።
ቆይታ ወረቀት አወጣች፤ ቁጥሯን አላስጌጠችም፦
“አሸንዳሽ ውሃውን ወደ ቤትሽ ያፈሳል፣ መጀመሪያ እሱ ይዙር፤
ስንጥቁን ከውስጥ እሞላለሁ፤ አራት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር፤
አሥር ዓመት ዋስትና። ቃሌን አትመኚ፣ ወረቀቱን እመኚ።
ሌላም ሰው ጠይቂ። እኔ አልቸኩልም፤ አንቺም ተረጋጊ፣ ተኚ።”

አልተኛሁም፤ ፈረምኩ።
ከዚያ እርሳሷን ለመንኳት፣ ከመስመሮችህ ሥር አጎነበስኩ፣
“ዘንድሮ፣ ሦስት ጣት” ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ሰኞ ትጀምራለች።
ለአሁኑ የሁለታችን ካልሲ ማሞቂያው ላይ ተሰጥቷል፤
ጠብ፣
ጠብ ይላል።