ሰባት ፈረስ ጉልበት

እሑድ ጀልባ አይወጣም፤ እሑድ የሞተር ነው፤
እናቴ ሬሜድዮስ ከቅዳሴ መልስ፣ ጨዉን የምታጥበው።
ውሃው ከጉድጓድ፣ በእኔ ትከሻ የመጣ፤
እኛ ሳንታጠብ ሞተሩ ቀድሞ ጠጣ።
"ሰባት ፈረስ ጉልበት" ይላል፣ ሆዱ ላይ ጽሑፉ፤
ሁለቱ ሞተዋል፣ ይላል አባቴ፣ አምስቱ ናቸው የተረፉ።

ቤታችን በቋሚ ላይ ነው፤ ሥሩ በቀን ይጨልማል፤
እኔ ባትሪ ያዥ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል።
"ቀጥ አርገው፣ ዶንግ! ብርሃን ሲወላውል ብሎን ይደበቃል።"

ዘይቱ ይቀድማል፤ ሞተሩ ሳይበርድ ብሎኗ ትፈታለች፤
ጥቁር ክር ወርዳ፣ ቀጥና፣ በሰርዲን ጣሳ ትጠቀለላለች።
አይደፋም፤ የጀልባውን የቀርከሃ ክንፍ እንቀባበታለን፤
ትል እንዳይበላው፣ ከሞተር የተረፈውን እንጨት እናጠጣለን።

ካንዴላውን ነቅላ በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍገዋለች፤
የአባቴ ነበር ብሩሹ፤ ሲጠይቃት "አላየሁም" ትላለች።
ክፍተቱን መለኪያ የለንም፤ የብረት መጋዝ ስባሪ አለን፤
በመሃል ካለፈ፣ ሳይላላ ሳይጠብቅ፣ "ይኸው፣ ልክ ነው" እንላለን።
ፊልትሮውን በሳሙና አሽታ፣ ከካልሲዬ ጎን ገመድ ላይ ሰጣችው፤
ዳመና ሲመጣ ካልሲዎቹን ትታ፣ እሱን ብቻ አቅፋ አስገባችው።

አንድ እሑድ ግን፣ ዘይቱን በሁለት ጣቶቿ ይዛ አሸችው፤
"አምጣ ባትሪውን።" ተጠጋሁ። ጣቷን ወደ ብርሃን አዞረችው፤
ከዓሣ ቅርፊት ያነሰ፣ ከአሸዋ የላመ፣ ብር መሳይ ብናኝ
አንዴ ብልጭ አለ። ዝም አለች፣ ከዚያ "ኩሽኔታ" አለችኝ።

ጨረቃ የሌለበት ሳምንት ነበር፤ ስኩዊድ የሚወጣበት፤
ጨለማ ለእኛ ገንዘብ ነው፤ የትምህርት ቤት ጫማ የሚገዛበት።
አባቴ ክሪሳንቶ አዲስ ዘይት ሞልቶ፣ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ፤
ገመዱን ሳበ፣ አንድ ጊዜ፤ ሞተሩ ተነሣ፣ ዘፈነ፣ አላቋረጠ።
"ስሚው! ይኼ ነው የታመመ? የሚዘፍን በሽተኛ የት አለ?"
"ወንድምህ እየዘፈነ አይደል የሞተው?" አለችው። ዝም አለ።

ሌሊት ተነሥቶ ጀልባውን ብቻውን ወደ ውሃ ገፋ፤
ገመዱን ሳበ፤ እፍ! ደግሞ ሳበ፤ እፍ! ብልጭታው ጠፋ።
ቢዳስስ፣ ጣቱ ጥልቅ አለች ባዶ ቀዳዳ ውስጥ፤
ካንዴላው ቤት ተኝቷል፣ በእናቴ ቡጢ ውስጥ።

አልጮኸም። ባሕሩ ላይ የሰው መብራት እንደ መንገድ ተደርድሮ
እሱ ዳር ተቀምጦ መረብ ሰፋ፣ ሦስት ሌሊት፣ የሌላውን ጀልባ ቆጥሮ።
ሐሙስ፣ በጫማዬ ገንዘብ፣ ኩሽኔታ ከሴቡ መጣ፤
ያን ዓመት በነጠላ ጫማ ተማርሁ፤ ጣቴ ጭቃ ጠጣ።

እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። "ያደርሰን ነበር" ይላል፤
"ስኩዊድ እንደዚያ ሳምንት፣ መቼ ወጥቶ ያውቃል?"
እሷ መልስ የላትም። ያልሰመጠ ጀልባ ምስክር አያቆምም፤
መሃል ባሕር ያልቆመ ሞተር ስለ ራሱ አይናገርም።
አሮጌዋን ኩሽኔታ ብቻ፣ በምስማር በሩ ላይ ሰቅላታለች፤
ነፋስ ሲነካት ትዞራለች፤ ከር ከር ትላለች።

አሁን እኔም ሞተር አለኝ፤ አምስት ፈረስ፤ ሌላ ደሴት ነኝ።
ትናንት ማታ ደውላ፣ "ዘይቱን በጣትህ አሸኸው?" አለችኝ።
"አዎ" አልኳት። አላሸሁትም ነበር።
ስልኩን ዘግቼ ባትሪዬን ፈለግሁ። ዝናብ ነበር።