የአንድ እግር ስቶኪንግ

ፍሪጁን ስከፍት፣ ከወተቱ ጎን፣
አንድ ጠርሙስ ቆሟል። ክዳኑ የማር ነው፤ ሆዱ ግን ሌላ።
«ሙሄ፣ ይሄ ምንድነው?»
«እንቁላል።»
«የምን?»
ዝም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማግ ሲቋጥር ኖሮ
ፋብሪካው ሲሸኘው ጡረታ አሳፍሮ፣
ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮ ሲያረባ
የኔው ሰው መንጠቆ ተሸክሞ ገባ።
ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሐረጎን ይወጣል፣
ደሴን አቋርጦ ሐይቅ ዳር ይቀመጣል።
ማታ ሲመለስ
ዓሣ የሚሸተው ካፖርቱ ብቻ ነው።

እንቁላሉን የሚለምነው ከዘምዘም ነው፣
ከመናኸሪያው ጀርባ ዓሣ ከምትበልተው፤
ለድመት የምትጥለውን
በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ታቅፎ ይመጣል።

«ውሃ አታስነኪው፣ ይፈነዳል» ይለኛል።
በንጹሕ ጨርቅ ያደርቀዋል፣ ትንፋሹን ውጦ።
አንድ ንጣፍ የአፋር ጨው፣ አንድ ንጣፍ እንቁላል፣
እንደገና ጨው።
ሌሊቱን ሲያነባ ያድራል፤ ጠዋት እንባውን ይደፋለታል።
ጨው ካነሰው ይከረፋል፣
ከበዛበት ጠጠር ነው፤ ዓሣም ሞኝ አይደል፣ ቀምሶ ይተፋዋል።
ከዚያ ሁለት ቀን ጥላ ላይ፣ በአሮጌ ጋዜጣ፣
ከዚያ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ እየቆረጠ —

በምን እንደሚቋጥረው ጠይቁኝ እስቲ።
በስቶኪንጌ!
ለእህቴ ልጅ ሠርግ አንዴ የለበስኩት፣
ሳጥን ሥር በወረቀት ጠቅልዬ ያኖርኩት፣
አንድ እግሩ የለም።
አርባ ትንንሽ ከረጢት ሆኖ፣ በቀይ ክር ታስሮ ተደርድሯል።
አቋጠሩ ግን፣ ወላሂ፣ የሸማኔ ነው፤
አንዱም አይላላም።

ሦስት ቀን አኮረፍኩ።
በአራተኛው መብራት ሄደ፣ አልመለስ አለ፤
ወተቱ ረጋ፣ ሥጋው ተጣለ፣
ጠርሙሱ ደህና ነው።
ከፍቼ አሸተትኩት። ባሕር ባሕር ይላል መሰለኝ፤
ባሕር አላውቅም።
ወደ መስኮቱ ሳነሳው እያንዳንዷ ፍሬ ዓይን ናት።
«ስንት ዓሣ ነው እዚህ የታሰረው?»
በሩ ላይ ቆሞ ፍርድ ይጠብቃል፣ ቆቡን ይዞ።
«ስንት ክር እንዳሳለፍኩ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለ።

አልጠየቅኩትም።

ትናንት ለሽንኩርት ገበያ ወረድኩ፤
እግሬ ዘምዘም ጋ ቆመ።
ቢላዋዋ ሆዱን ሲሰነጥቅ፣ ቢጫው ሲወጣ፣
«ውሃ አታስነኪው» አልኳት።
ሁለተኛው እግር ሳጥኑ ውስጥ አለ።
አንድ እግር ስቶኪንግ
ምን ያደርግልኛል?