በእሷ ሰዓት

ኦማሃ ቁጭ ብዬ መስኮት እሸጣለሁ፤
ያላየሁትን በር በስልክ አንኳኳለሁ።
ሕጉ ከፊቴ፣ ግድግዳው ላይ፦
ከጧቱ ሁለት በፊት አይቻልም፣
ከምሽቱ ሦስት ወዲያ አይቻልም፤
በኔ ሰዓት አይደለም፣ በሚያነሳው ሰው፤
ስፖካን ሲመሽ ነው አፌን የምይዘው።

«አትደውሉልኝ» ካሉት መዝገብ
የኦፓል ክሬብትሪ ቁጥር አመለጠኝ፤ ደወልኩ።
ይቅርታዬን ሳልጨርስ
«ያስመዘገበኝ ባሌ ነው» አለች፣ «ነፍሱን ይማር፤
ከቀበርኩት ወዲህ ይሄ ስልክ ጮኾ አያውቅም ነበር።
መስኮት አልፈልግም። ነገስ ትደውላለህ?»

«በጽሑፍ ካልፈቀዱ አልችልም፣ እትዬ።»

በሳምንቱ ፖስታ መጣ፤ የተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ፦
«ፈቅጃለሁ። ከጧቱ ሁለት እስከ ምሽቱ ሦስት።»

አለቃዬ አነበበው፣ ቀና እንኳ ሳይል፤
«ሊገዙ ይችላሉ» ከሚለው ፋይል
ከተታት።