አምፖሉ ጭልም ሲል

ዙልፋ በጠዋት መጣች ኮምፒውተሯን አቅፋ፣
ከጦሳ የወረደው ጉም ሻሿን አርሶ፤
«ትናንት አዲስ ጭነህ የሰጠኸኝ ጠፋ፣
ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል መልሶ።
ሰው ቢሆን ይድን ነበር ዱዓ አስደርጌ፣
ዕቃ ሆነና ነው አንተን መፈለጌ።»

«አብሽሪ» አልኩና ወንበር ሳብኩላት፤
ሦስት መቶ ብሯ ኪሴ ነው፣ ሌላ ምን ልበላት?

ሰካሁት። ነጠብጣቡ ዞረና አበቃ፣
ገጹ ወለል አለ፣ እንደ ደህና ዕቃ
አደብ ገዝቶ ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት።
ዙልፋ አፈረች፣ ልክ እንደ ልጅ እናት
ሐኪም ፊት ሲደርሱ ትኩሳቱ የጠፋባት።

ተሸክማ ሄደች። ምሳዬን ሳልጨርስ
ስልኬ ጮኸ፤ «ያው ነው። ሲነሳ፣ ሲፈርስ።»

የጫንኩትን ጠረጠርኩ፣ ፍላሼን ጠረጠርኩ፤
ዲስኩን ድጋሚ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ።
«ያው ነው» አለች።

ራሙን ነቀልኩና የወርቅ ጥርሱን
በልጄ ላጲስ አሸሁ፤ ከማራገቢያው ሥር
ጥጥ የሚያክል አቧራ ጠርጌ አወጣሁ፤
ነቅቶ በተነሳ ቁጥር
«ጃንዋሪ አንድ» የሚል ዘንጊ ሰዓቱን
ባትሪ ገዝቼ ወደ ሐምሌ አመጣሁ።
«ያው ነው» አለች።

አንዲት ምልክት አነሳሁ፣ «ስትወድቅ ተነሳ»
ከምትለው ትእዛዝ ጎን፤ ወድቆ ይቆይና
ምን እንዳገኘው ይናገር፣ ሰማያዊ ገጹን ያንሳ
ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ቃል አልወጣውምና
መዝገቡን ገለጥኩት። በየመስመሩ ላይ አንድ ዓይነት ነገር፦
«ሳይሰናበት ጠፋ።» ሌላ አይናገር።
እንዲህ ያለ መዝገብ በዚህ ከተማ
ያልከፈተ ቤት የለም። እሱን እንለፈውማ።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ትቼ ቤቱን ላይ ሄድኩ።
ከፍርድ ቤቱ ማዶ የቆርቆሮ ክፍል፤
አግዳሚው ላይ ጋሽ እብሬ፣ ለወሰን ክርክር
ከኩታበር የመጣ።
ዙልፋ ትጽፋለች፤ «ለተከበረው» ስትል
ድርግም። «ለተከበረው ፍርድ» ድርግም። ተነስቶ ሲመጣ
አንድም ፊደል የለ።

እብሬ ሳቀና «ምን ያስቸኩለናል?
እኔም አስራ አንድ ጊዜ እደጁ ደርሻለሁ፤
ዳኛው ፈቃድ ወጡ፣ ፋይሉ አልመጣም ይባላል፣
ኩታበር ገብቼ እንደገና እነሳለሁ።
ይሄ ዕቃ ዘመዴ ነው።»

ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመድ ስነካካ
«ልጄ» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «አንተ ሥሩን ታያለህ፣
ፊቱን እሷ ታያለች። እኔ ሥራ ፈት ነኝና ለካ
አምፖሉን አያለሁ። ጭልም ሲል፣ ልብ ብለህ
ጠብቅ፤ ያኔ ነው ነፍሱ የምትወጣ።»

ቀና አልኩ። ማእዘኑ ላይ ኮፒ ማሽኑ ተቀምጧል፤
አዲስ ተጫነልኝ ብላ ቤቷን ባጸዳችበት ቀን
ከወዲያኛው ግድግዳ ወደዚህ ተዛውሯል፤
ቢጫ የሆነች አንዲት ዲቫይደር ሲጋሩ አየን።
እሱ ሆዱን ሊያሞቅ መብራቱን ይምገዋል፣
አምፖሉ ጭልም ይላል፣ ኮምፒውተሩ ይወድቃል።
እኔ ስንት ሌሊት አዲሱን ስከስ!

ነቀልነው።
«ለተከበረው ፍርድ ቤት፣ ደሴ።» አለፈች።
«አመልካች።» አለፈች። አራተኛው መስመር፣
እስከ ዛሬ ማንም ያልረገጠው አገር።
እብሬ አንገቱን አስግጎ ስሙን ሲያይ ዱላው ወደቀ፣
ማንም አላነሳው።

አንዱን አትማ፣ ዕቃውን አጥፍታ፣ ኮፒውን ሰካች፤
ሦስት ቅጂ፣ ገና ትኩስ፣ ለሽማግሌው ሰጠች።
ሦስት መቶዋን ዘረጋሁ፤ ሁለቱን ወሰደች፣
«መቶዋ ለላጲሱ» ብላ መለሰች።

በሳምንቱ ቧንቧ ውሃ ታክሲ እየጠበቀ
አገኘሁት። «ዕቃውስ?» «ተነስቷል፣ እስካሁን አልወደቀ።»
«አንቱስ?»
ጋቢውን ወደ ጆሮው ሳበና
«ለጥቅምት» አለኝ፤ ሳቀ።