የሳበ እጅ

በቫልፓራይሶ፥ ከኮረብታው ሥር፥ ዝናብ ባጠበው አስፋልት፥
ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤
የኤሌክትሪክ አውቶቡሱ በሩን ሊዘጋ ሲል፥
«ቶሎ በይ!» አልኩና ሳብኳት በኃይል።
ቀጭ ያለ ነገር ነበር ይሆናል፤ እኔ አልሰማሁም።
አውቶቡሱ ሄደ። አልተሳፈርንም።

መጀመሪያ አላለቀሰችም፤
ዐይኔን ነበር ያየችው፥ እጇን አላየችም።
ከዚያ መጣ ለቅሶው፥ ከሆዷ ከሥሩ፥
የዳቦ ቤቱ ሴቶች በር ላይ ወጥተው እስኪመሰክሩ።
ግራ ክንዷ ተንጠለጠለ፥ እንደ ባዶ እጅጌ፤
ጃንጥላዬን ጥዬ ሮጥኩ፥ ጭንቅላቷን ይዤ ካንገቴ ግርጌ።

ድንገተኛ ክፍል። ቁጥር ሰጡን፤ ስልሳ ሦስት።
ግድግዳው ላይ የበራው፥ ሠላሳ ስምንት።
ከጎናችን ዶን ኤሌውቴሪዮ የሚሉት አጥማጅ አለ፤
መንጠቆ ካውራ ጣቱ ገብቶ፥ በወዲያ በኩል ብቅ ያለ።
«አየሽ» አላት፥ «አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ የያዝኩበት፥
ዛሬ እኔን ያዘኝ፤ ተራው ደረሰለት።»
ኤሎይሳ ሳቀች፥ ንፍጧ አረፋ ሠራ፤
እንባዋ ሳይደርቅ፥ ሁለቱን ባንድ ተራ።

«እንዴት ሆነ?» አለች ነርሷ፥ ብዕሯን ከወረቀት አስጠግታ።
መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ነበረኝ፤ «ደረጃ ላይ ወድቃ፥ ተመትታ።»
(ደረጃ በሞላበት ከተማ ማን ይጠረጥራል?
እዚህስ ድመቱም አዳልጦት ይወርዳል።)
ቃሉ ምላሴ ላይ ሳለ
የሦስት ዓመት አፍ ቀደመኝ፥ እንዲህ አለ፦
«አባዬ ሳበኝ።»

ነርሷ ቀና ብላ እኔን፥ እኔ ወለሉን፤
የእርጥብ ጫማዬን ዱካ፥ የጎደለውን ጡብ፥ ሁሉን።
«አዎ» አልኩ። «ሳብኳት። አውቶቡስ እንዳያመልጠን።»
ሌላው በየሰባት ደቂቃው እንደሚመጣ አልጠየቀችኝም፤
እኔው ነኝ የነገርኳት።
ጻፈች። ረጅም ነገር ጻፈች። ብዕሯ ሲጫር ሰማሁት፤
እያንዳንዱን ፊደል ቆጠርኩት።

ኺሜና ደወለች፥ እናቷ፤ ከወደቡ፥ ከሌሊት ሥራ።
አላነሳሁም። ምን ብዬ ላውራ?

እጄን አየሁት። ቀኙን።
ይህ እጅ ነው ቀኑን ሙሉ የሰው ሰዓት ሲጠግን የሚውል፤
የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ብሎን፥
እኔ ትንፋሼን ውጬ፥ እሱ በወረንጦ የሚነቅል።
ለሰው ብረት እንዲህ የሚራራ
ለልጄ ሥጋ ሲሆን ምነው ተጣደፈ፥ ምነው አልፈራ?

ስልሳ ሦስት።
ዶክተር ኦያርሱን ወጣት ናት፤ ብርቱካን ጫማ፥ ጸጉሯ ያልተበጠረ፥
እንቅልፍ ካይኗ ሥር የቀረ።
አልሳበችም። ያዘች። አውራ ጣቷን ክርኗ ላይ አሳረፈች፤
«ጥንቸልሽ ስሟ ማነው?» እያለች መዳፏን ገልብጣ ክንዷን አጠፈች፤
ቀጭ።
ካሮጌ ሰዓት ምት የሚያንስ ድምፅ፤ እኔ ግን ሰማሁት፤
መንገድ ላይ ያልሰማሁትን እዚህ አገኘሁት።
«በቃ» አለች ወጌሻዋ። «ገባ።»
አራት ሰዓት ወረፋ፥ ላንዲት ቅጽበት። ሆዴ ባባ።

ኤሎይሳ ክንዷን አየችው፥ እንደ አዲስ ልብስ።
ከጠረጴዛው አነሳች፥ በግራዋ፥ የሐኪም እንጨት፥ የሚጫነውን ምላስ፤
«ሌላም ስጪኝ፥ ለጥንቸሌ» አለች።
«ብዙ ልጅ ይደርስበታል» አለችኝ ሐኪሟ፥ ጓንቷን እያወለቀች፤
«ዳግመኛ ግን ክንዷን ይዘህ እንዳታነሳት። በብብቷ ነው።» ወጣች።

የሰጡኝን ወረቀት በር ላይ አነበብኩት።
ያ ሁሉ ጽሕፈት የት ሄደ? «ምክንያት፦ መሳብ።»
ማን እንደሳበ አይልም።
ስሜን ፈለግኩት።

ውጭ ዝናቡ አባርቶ፥ ባዶው አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል።
እጇን ዘረጋችልኝ፤ ግራዋን።
እንዴት እንደሚያዝ ጠፋኝ። አንድ ጣት ሰጠኋት፥
እሷው እስክትጨብጠው ጠበቅኋት።
«አባዬ ቶሎ በል!» አለች፤ ሳበችኝ በዚያው በግራዋ።
ክብደት እንዳልሆንባት፥ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፥
በእሷ እርምጃ ልክ ሄድኩ፤
ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፤ እኔ አላየሁም።